የአሮጌው ሳጥን ሽቦዎች

አንድ ኮምፒውተር ገጣጣሚ ነበረ። እጁ ቀልጣፋ፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የባሰ ቀልጣፋ። ሱቁ በአንዲት መካከለኛ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። በበሩ አናት ላይ ስሙን አላጻፈም፤ በቀይ ቀለም «ከገባ ይሠራል» ብሎ ነው ያጻፈው። የከተማው ሰውም የአባቱን ስም ረስቶ «ከገባ-ይሠራል ጋ ውሰደው» ይባባል ነበር። ሰውዬው በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

እሱን ያነሣሁት ጥያቄህ ስላስታወሰኝ ነው። የጠየቅከኝን ልድገመውና በትክክል ሰምቼህ እንደሆነ ፍረድ። «መምህር፣ እርስዎ ሰነፍ ተማሪ ሲገጥምዎ ‹አንተን ከማስተምር ድንጋይ ብቀቅል ይሻለኛል፤ ድንጋይ ቢያንስ ይሞቃል› ይሉ ነበር። እኔንም ብለውኛል። ክፍሉ ይስቃል፣ የተሰደበውም ይስቃል፣ በሳምንቱ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ሲያጠና ይገኛል። እኔ አሁን በተራዬ መምህር ሆኜ ያንኑ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ለአንዲት ተማሪ ብናገር፣ ልጅቷ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ይኸው ሁለት ሳምንቷ ነው። ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ የእርስዎ ሲያቀና የእኔ ለምን ያጠፋል?» ብለሃል። በል ተደላደልና ስማ፤ መልሱ ትንሽ ዞር ብሎ ነው የሚመጣው።

ገጣጣሚው የሚታወቀው ሽቦ በማሰር ነበር። የኮምፒውተር ሆድ ተከፍቶ አይተህ እንደሆነ ከጥጉ አንድ የኃይል ሳጥን ተቀምጧል፤ ባለሙያዎቹ ፓወር ሳፕላይ ይሉታል። ሥራው የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለየዕቃው እንደየአቅሙ ማደል ነው። ለአንዱ አምስት ቮልት፣ ለሌላው አሥራ ሁለት፣ ልክ እንደ ደግ ጋባዥ ማን ምን እንደሚችል ያውቃል። በድሮዎቹ ሳጥኖች ሽቦዎቹ ከውስጥ ተተክለው ነው የሚወጡት፤ ብትፈልግም ባትፈልግም ሁሉም ተንዘርፍፎ ይመጣል። በአሁኖቹ ግን ሽቦው ይነቀላል። አንዱን ጫፍ ሳጥኑ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ዕቃው ላይ ትሰካለህ፤ የማያስፈልግህን ከረጢቱ ውስጥ ትተወዋለህ።

እንዲህ ያለ ሳጥን እጁ ሲገባ ገጣጣሚው ልቡ ቅቤ ይጠጣል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ያቃናል፣ በጣቱ ያበጥራል፣ ከብረቱ ጀርባ አዙሮ እንደ ሹሩባ ያወርዳቸዋል፣ በየሦስት ጣት ርቀት በትናንሽ የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍንጎ ያስራቸዋል። የኮምፒውተሩን ጎን በመስታወት ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ያልታየ ሥራ እንዳልተሠራ ነው ይላል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። ሚስቱ አንድ ቀን ምሳ ልታደርስለት መጥታ ሁለት ቀን የደከመበትን እሥር ብታይ፣ «የልጆችህን ፀጉር አንድ ቀን እንዲህ ብታበጥር ምናለበት» ብላው ሄደች።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚኮራበት በዚያው ሰፈር ላለች አንዲት ፎቶ አንሺ የገጠመላት ኮምፒውተር ነበር። ሃያ ሰባት ማሰሪያ አለው። ቁጥሩን የማውቀው እሱ ራሱ ማንም ሳይጠይቀው ስለሚናገር ነው። ፎቶ አንሺዋ የከተማውን ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና ሐዘን ለአሥራ አራት ዓመት አንሥታ በዚያ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ አስቀምጣለች። ከተጋቡት ግማሾቹ ተፋትተዋል፤ ፎቷቸው ግን እዚያ ውስጥ እንደተቃቀፈ ነው።

ከገጣጣሚው ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ሽማግሌ ነበሩ። አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ቴስተር ይንጠለጠላል፤ ያ ኤሌክትሪክ የሚለካው መሣሪያ። ባትሪ ከማስገባታቸው በፊት ይለካሉ፣ ካስገቡ በኋላ ይለካሉ፣ ራዲዮው መናገር ከጀመረም በኋላ አንዴ ይለካሉ። ገጣጣሚው «ዶክተር» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። «ጋሼ እንኳን ባትሪ፣ ሰው ሰላም ሲላቸውም ለክተው ነው እጃቸውን የሚሰጡት» እያለ ደንበኛ ያስቃል። ሽማግሌው ይሰማሉ፤ ፈገግ ብለው ወደ ራዲዮአቸው ይመለሳሉ።

በዚያ ዓመት የሽማግሌው ባለቤት ወይዘሮ ትርንጎ አረፉ። በከተማው ልማድ በዐርባው ቀን የሟች ፎቶ በትልቁ ታትሞ ድንኳኑ ፊት ይሰቀላል። ችግሩ ወይዘሮ ትርንጎ በሕይወት ሳሉ ፎቶ የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። «ፊቴን ማየት የፈለገ ቤቴ ይምጣ» ነበር ቃላቸው። የመታወቂያቸው ፎቶ ከማርጀቱ የተነሣ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ከዚያ ሌላ በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም ሳይፈልጉ የተነሡት። የጎረቤት ሠርግ ላይ እየበሉ ሳሉ ፎቶ አንሺዋ ድንገት ብልጭ አድርጋባቸው ነበር። ያን ቀን ማታ ቤታቸው ገብተው ሲረግሟት አመሹ፤ ስለዚህ ነው ባለቤታቸው ያ ፎቶ መኖሩን ያወቁት።

ሽማግሌው ዐርባው ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ፎቶ አንሺዋ ዘንድ ሄዱ። «አንድ ፎቶ አለሽ አሉ፤ ሌላ የለኝም» አሏት። እሷም «አባባ፣ ነገ አትሜ እራሴ አመጣልዎታለሁ» አለች። ኮምፒውተሩን ልትከፍት ብትጫነው ዝም አለ። ደግማ ብትጫነው ዝም አለ። የኃይል ሳጥኑ ሞቶ ነበር።

ተሸክማው ወደ ገጣጣሚው መጣች። ነገሩን ከነምክንያቱ ነገረችው፤ እሱም የሽማግሌውን ሐዘን ያውቃልና፣ «ዛሬውኑ አስነሣዋለሁ» ብሎ ማለ። አሮጌውን ሳጥን ፈቶ አወጣ። አዲስ ሳጥን ነበረው፤ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ፣ ከአሮጌው የበለጠ፣ የራሱን ሽቦዎች በጥቁር ከረጢት የያዘ። እዚህ ላይ ማድረግ የነበረበትን አንተም ልትገምት ትችላለህ። የአሮጌውን ሳጥን ሽቦዎች ነቅሎ፣ የአዲሱን መዘርጋት ነበረበት።

ግን ሃያ ሰባት ማሰሪያ። ጎንበስ ብሎ አያቸው። ወለል ላይ የተዘረጋ ጥልፍ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ ሊቆርጠው ነው? ለዚያውም ደንበኛ እየተጠባበቀች? አሮጌው ሳጥን ቢሞትም ሽቦዎቹ ደኅና ናቸው፤ ከዕቃዎቹ ጋር እንደተሰኩ፣ እንደታሰሩ፣ እንዳማሩ ናቸው። የሳጥኑን ወገን ጫፎች ብቻ አነሣና አዲሱ ሳጥን ላይ ሞከራቸው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ገቡ። አንዱም አልተንገራገጨም።

«አየሽ? የተሠራለት ነው የሚመስለው» አላት።

በከረጢቱ ውስጥ አንድ ወረቀት ነበር። እሱን ሳያነብ አጣጥፎ የምትወላገደውን ጠረጴዛ እግር ደገፈበት። ጠረጴዛዋም ከዓመታት በኋላ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ያን ቀን ሁሉ ነገር የሚቃናለት መሰለው።

ኮምፒውተሩን አበራው። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ሁለቱም ፈገግ አሉ። ከዚያ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ሽታ፣ ዲስኩ ካለበት ጥግ። ገጣጣሚው ዘሎ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለው፤ ዲስኩ ግን ጸጥ ብሏል። ወፋፍራሞቹ ሽቦዎች እንዲሁ በዕድል ከአዲሱ ሳጥን ጋር ተስማምተው ነበር፤ ወደ ዲስኩ የሚሄደው ግን አልተስማማም።

አየህ፣ ሰው ያላወቀውን ነገር ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመጣለት የቅርቡ መልስ ነው። ፎቶ አንሺዋ ፊቷ አመድ መስሎ «ምን ሆነ?» ስትለው፣ አፉ ከልቡ ቀድሞ «መብራቱ ነው» አለ። «ከፍ ዝቅ ይላል እኮ፤ የስንቱን ዕቃ በላ መሰለሽ።» በዚያ ከተማ መብራት ላይ የተነገረን ነገር የማያምን የለም። ሴትየዋ አመነች። እሱም ራሱ ሲናገር ሲሰማው አመነ።

ፎቶ አንሺዋ ብልህ ናት። የዲስኩን ግልባጭ በሌላ ዲስክ አድርጋ፣ እቤቷ ሻንጣ ውስጥ ከሙሽርነት ቀሚሷ ሥር አስቀምጣ ነበር። «ግልባጩ አለ» ብላ በባጃጅ ሄዳ አመጣችው። ገጣጣሚው በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ አደረገ። እንዴት ያለ ጥንቃቄ መሰለህ? ወንበር ላይ ወጥቶ የጣሪያውን አምፖል አምስት ደቂቃ ሙሉ አየው። አምፖሉ አልተወላወለም። ወርዶ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ የጎረቤቱን አምፖልም አየ። ሁሉ ሰላም ነው። ተመልሶ ሁለተኛውን ዲስክ በዚያው ሽቦ ላይ፣ በዚያው ጫፍ ላይ ሰካው። ቀጭ አለ። አበራው።

ያው ሽታ መጣ። አምፖሉ ግን ቅም አላለውም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ሴትየዋ ደንበኛ በሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። «አሥራ አራት ዓመት» ብቻ አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እኚያን ሽማግሌ ምን ብዬ ነው የማያቸው?» አለች።

ገጣጣሚው ሊያያት ስላልቻለ ዓይኑ መሬት መሬት ሲል የጠረጴዛው እግር ሥር ያለው ወረቀት ታየው። ጎንበስ ብሎ ሳበው፤ ጠረጴዛዋ ዘመም አለች፣ ብሎን መፍቻው ተንከባሎ ወደቀ። ወረቀቱን ዘረጋው። ከላይ በደማቅ ፊደል፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ ከዚህ ሳጥን ጋር ከመጡት ሽቦዎች በቀር የሌላ ሳጥን ሽቦ ፈጽሞ እንዳትሰካ ይላል። ከጎኑ የራስ ቅል ሥዕል አለበት። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይገባው ነበር።

አንብቦ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው መንገዱን ተሻግረው ገቡ። ራዲዮ የጠገነ አፍንጫ ሽታውን ከሩቅ ያውቀዋል። ቴስተራቸው አንገታቸው ላይ ነው። ሁለቱን ዲስኮች አዩ፣ የሴትየዋን ፊት አዩ፣ ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

«ሁለቱም?» አሉ።

«ሁለቱም፣ አባባ» አለች ፎቶ አንሺዋ። «መብራቱ ነው ያቃጠላቸው።»

ሽማግሌው ወደ ገጣጣሚው ዞረው ትከሻውን ነካ አደረጉት። «መብራት ከሆነማ ምን ታደርገዋለህ፣ ልጄ። አንተ ደክመሃል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። እሷም ፎቶ አትወድም ነበር፤ አሁንም እምቢ ብላ ይሆናል» አሉና ሊወጡ ተራመዱ።

ገጣጣሚው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ቢሰድቡት ይመልስላቸው ነበር፣ ይጨቃጨቁ ነበር፣ ነገሩ በጩኸት ያልፍ ነበር። በሐሰት ተመስግኖ መቅረቱ ግን አላስችል አለው። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን ከደጃፉ አውጥተዋል። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ማንም ከቶ አያውቅም።

«ጋሼ» አለ። «መብራቱ አይደለም።»

ሽማግሌው ቆሙ።

«ሳጥኑ አዲስ ነው። ሽቦዎቹ ግን የአሮጌው ሳጥን ናቸው።»

«የአዲሱስ?»

«ከረጢት ውስጥ አሉ። አልፈታኋቸውም።»

«ለምን?»

ገጣጣሚው መስታወቱን ዓይቶ መሬት መሬት አየ። «አስተሳሰሩ አምሮብኝ ነበር፣ ጋሼ። መቁረጥ አሳሳኝ።» ይህን ሲል ፎቶ አንሺዋ ቀና ብላ አየችው። የዚያን ዕይታ ነገር ባልነግርህ ይሻላል።

ሽማግሌው ግን ተመለሱ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም በሽታው የታወቀለት ሐኪም መስለው ቀለል አላቸው። ሁለቱንም ዲስኮች ከሽቦው ነቅለው ጎን አደረጉና ኮምፒውተሩን ባዶውን አበሩት። የቴስተሩን ሁለት መርፌዎች ለዲስክ በሚሰካው የሽቦ ጫፍ ላይ አስጠጉ። ገጣጣሚው ከትከሻቸው በላይ ሆኖ ቁጥሩን አነበበ።

«እዚህ ስንት መሆን ነበረበት?» አሉት።

«አምስት።»

«ስንት ይላል?»

«አሥራ ሁለት።»

«ይኸው ነው እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው። «ወደ ዲስኩ የሚሄደው ጫፍ በዓለም ላይ አንድ ነው፤ ማንም ይሥራው ማን አይለይም። ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ጫፍ ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ልቡ ነው የሚሠራው። አንዱ አምስቱን በቀኝ ያወጣል፣ አንዱ አሥራ ሁለቱን በቀኝ ያወጣል። ቀዳዳው ይመሳሰላል፣ ሽቦው ይገባል፤ የሚወጣው ነው ሌላ። ሽቦ ደግሞ አይጠይቅም፤ የሰጡትን ያደርሳል።»

ከዚያ ፒንሳ ጠየቁ። ገጣጣሚው ሊሰጣቸው እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። «እኔ ልቁረጠው» አለ። ሃያ ሰባቱንም ማሰሪያ አንድ በአንድ ቆረጠ። እየቆረጠ ይቆጥር ነበር፤ ልማድ ነው። ሽቦዎቹ እየተፈቱ ሆዱ እንደ ተዘረገፈ በግ ጠረጴዛው ላይ ወጡ። የአዲሱን ሳጥን ሽቦዎች ከከረጢቱ አውጥቶ ምንም ሳያስር፣ ምንም ሳያበጥር ሰካቸው። ሽማግሌው ለኩ፤ አምስት ሆነ። ደግመው ለኩ። ገጣጣሚው በዚህ ጊዜ አልሳቀም፤ «ጋሼ፣ አንዴ ይድገሙት» ያለው እሱ ነበር።

ዲስኮቹ ግን እንደሞቱ ናቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ቀይረው የመጀመሪያውን ገለበጡት፤ ከሥሩ ያለው ሰሌዳ ጠቁሯል፣ ለማንም አይሆንም። ሁለተኛውን ገለበጡት። እዚያ ላይ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ጥቁር ነገር አሳዩት። «ይህቺ ዘበኛ ናት» አሉ። «ከልክ ያለፈ ሲመጣ ቀድማ የምትሞት። ዲስኩን የሠራው ፋብሪካ እንደ አንተ ያለ ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው ያስቀመጣት።» በጋለ መበየጃ አንሥተው ጣሏት። «ያለ ዘበኛ ረጅም ዕድሜ የለውም። ፎቶዎቹን ለማውጣት ግን ይበቃ እንደሆነ እንይ።»

ዲስኩን ሰኩት። ገጣጣሚው አፍንጫውን ቀስሮ ቆመ። ሽታ አልመጣም። በምትኩ ቀጭን የመሽከርከር ድምፅ መጣ። ፎቶ አንሺዋ ከበርጩማዋ ተነሣች። ሌላ ሳትል መጀመሪያ የፈለገችው ያን ሠርግ ነው፤ አገኘችው፣ ከፈተችው።

ወይዘሮ ትርንጎ ስክሪኑን ሞልተው ወጡ። አፋቸው ሙሉ ነው፤ አንደኛው ጉንጫቸው በጉርሻ አብጧል። ቅንድባቸው ተኮሳትሯል። ቀኝ እጃቸው፣ ወጡ ገና ከጣታቸው ሳይጠረግ፣ ካሜራውን ሊመታ ተሰንዝሯል።

ሽማግሌው ጠጋ አሉ። «ተቆጥታለች» አሉ፤ እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር። ፎቶ አንሺዋ ራርታ «አባባ፣ እኔ ላስተካክለው እችላለሁ፤ አፋቸውን ዘግቼ፣ እጃቸውን አውርጄ» አለቻቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። «ተዪ፣ ልጄ። በወዲያኛው ዓለም አፌን ማን ዘጋው ብትለኝ ምን ልመልስላት ነው?» አሉ። ፎቶው እንዳለ ታተመ። ዐርባው ቀን ለቅሶ የመጣው ሰው ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ በትርንጎ ቁጣ ፊት ይቆማል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ያለቅሳል። እንደዚያ ያለ ዐርባ ከተማው አይቶ አያውቅም አሉ።

በል እንግዲህ፣ አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ያ ገጣጣሚ አንተ ነህ፣ ሽቦውም የእኔ ቃል ነው።

ወደ ተማሪ ጆሮ የሚገባው ጫፍ ከማንም አፍ ቢወጣ አንድ ነው፤ ድንጋይ የተባለ ሁሉ ድንጋይ ተብሎ ይሰማል። የሚለየው ወደ ተናጋሪው ደረት የሚሰካው ጫፍ ነው። እኔ አንተን ድንጋይ ስልህ፣ ከሰዓት በኋላ ምሳዬን ትቼ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ያንኑ ሒሳብ ሦስት ጊዜ እንደምሠራልህ አንተም ታውቅ ነበር፣ ክፍሉም ያውቅ ነበር። ስድቡ ከዚያ ነበር የሚወጣው። ጮክ ብሎ ይውጣ እንጂ አምስት ነበር። ለዚያ ነው የሳቅከው። አንተ ቃሉን ወሰድክ፤ ያምራል፣ ያስቃል፣ ለዓመታት ተበጥሮ ታስሮ የኖረ ነው፤ ፈትተህ የራስህን ልትዘረጋ አሳሳህ። እስቲ ልጠይቅህ፣ እውነቱን ብቻ መልስልኝ። ያን ቀን ለልጅቷ ስትናገር ደረትህ ውስጥ ምን ነበር?

ፈርቼ ነበር አልክ? ክፍሉ የናቀኝ መስሎኝ ነበር?

እኮ። በእኔ ሽቦ የሄደላት እሱ ነው። ቃሉ ምንም አላጠፋም፤ የሰጠኸውን አደረሰ።

አሁን ደግሞ «ልጅቷም ትንሽ ሆደ ባሻ ናት» ልትል አፍህ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ አይቼሃለሁ። እሱ መብራቱ ነው ማለት ነው። እሱን ካልክ ነገ ሌላ ተማሪ በዚያው ሽቦ ላይ ትሰካለህ። ልጅቷ ደግሞ ገና አልጠፋች ይሆናል፤ ምናልባት የተቃጠለው ከጤፍ የማይበልጥ ኩራቷ ብቻ ይሆናል። ግን ሄዶ ገልብጦ የሚያያት ሰው ያስፈልጋል፣ ያም ሰው ያቃጠላት ነው። ሁለት ሳምንት ብዙ ነው። ዛሬ ሂድ፣ ወላጆቿ ፊት አጠፋሁ በል።

ምን አልክ? «ሄጄ ምን ብዬ ልጀምር» ነው የምትለኝ?

እሱንማ ከነገርኩህ ሌላ የእኔን ሽቦ ይዘህላት ሄድክ ማለት ነው። ተነሥ፤ ደጃፏ ላይ ቁምና እንደመጣልህ ተንተባተብ።